ሳይደርሰኝ «እሺ» ያልኩት

የተቀመጥኩት መሀል ላይ ነበር። በቀኜ ሐኪሙ፣ በግራዬ አያቴ። ሐኪሙ ወላይትኛ አይችልም፤ አያቴ ደግሞ ከገበያና ከሰላምታ ያለፈ አማርኛ የላትም። አስተርጓሚው እኔ ነኝ። ሶዶ ውስጥ ሆስፒታል ግማሽ ቀን የዋለ ሰው እንደኔ ዓይነቱን ብዙ ያያል። አንዳንዱ የአሥር ዓመት ልጅ ነው፤ ዩኒፎርሙን እንኳ ሳያወልቅ ለእናቱ ሊያስተረጉም የመጣ።

ሐኪሙ ግፊቷን ለካ። ደገመና ለካ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ «እማማ መድኃኒታቸውን በትክክል ይወስዳሉ?» አለኝ።

ጥያቄው የእሷ ነበር። እኔ ግን መልሱን የማውቅ መሰለኝና ራሴ ገባሁበት። መድኃኒቱን በየወሩ የምገዛው እኔ ነኝ፤ ቦዲቲ ድረስ የሚልከው አጎቴ ነው፤ ከጀመረች ሁለት ዓመት ሊሆናት ነው፤ ጨው ቀንሳለች፤ ወዘተ እያልኩ ስዘረዝር፣ አያቴ የጃኬቴን እጅጌ ይዛ ጎተት አደረገችኝ። በወላይትኛ አንድ ነገር አለች። አጭር ነበር፤ ከአምስትና ከስድስት ቃል አይበልጥም። እኔ አፌ ውስጥ ያለውን የአማርኛ ዓረፍተ ነገር መጨረስ ነበረብኝ። ፊቴን ሳላዞር በወላይትኛ «እሺ፣ እሺ» አልኳትና ቀጠልኩ።

እጅጌዬን ለቀቀችው። ሌላ ምንም አልተናገረችም።

ሐኪሙ የመድኃኒቱን መጠን ጨመረ። ወረቀቱን ይዘን ወጣን። ሻይ ጋበዝኳት፣ መናኸሪያ ወስጄ የቦዲቲ ሚኒባስ ውስጥ አስገባኋት፣ ወደ ሥራዬ ተመለስኩ። ያን ቀን ጥሩ የልጅ ልጅ ነኝ ብዬ ነበር የዋልኩት።

ሥራዬ ምን እንደሆነ ልንገራችሁ፤ ከዚህ ታሪክ ጋር ሳልፈልግ ተያይዟል። ዲግሪዬ ምህንድስና ነው፣ እንጀራዬ ሶፍትዌር። በዚያ ሰሞን ለውጭ አገር ደንበኛ በርቀት የምሠራው አንድ ሲሙሌተር ነበር፤ ራውተርና ስልክ በሌሉበት እንዳሉ አድርጎ የሚያስመስል ፕሮግራም ማለት ነው። እኔ የደረሰኝ ክፍል፣ አንድ ስልክ በሁለት የዋይፋይ መስመር በአንድ ጊዜ ሲሠራ ወረፋውን እንዴት እንደሚይዝ ማስመሰል ነበር።

ወረፋ ስል የምሬን ነው። ዋይፋይ ከላይ ስናየው ኢንተርኔት የሚረጭ ሳጥን ይመስላል። ውስጡ ግን በትሕትና ላይ የቆመ ነገር ነው። በአንድ ቻናል ላይ በአንድ ጊዜ መናገር የሚችለው አንድ ብቻ ነው፤ ሁለት ከተናገሩ ሁለቱም አይሰሙም። ተራ የሚያስጠብቅ ሊቀመንበር ደግሞ የለም። ስለዚህ እያንዳንዱ ስልክ፣ ላፕቶፕና ራውተር ከመናገሩ በፊት ያዳምጣል። አየሩ ዝም ካለ ወዲያው አይናገርም። በ5 ጊጋኸርዝ መሠረታዊው ሕግ እንደሚለው 34 ማይክሮሰከንድ ይጠብቃል፤ ከዚያ ከ0 እስከ 15 ካሉት ቁጥሮች አንዱን በዕጣ ያወጣል፤ በየ9 ማይክሮሰከንዱ አንድ እየቀነሰ ወደ ዜሮ ይቆጥራል። መሀል ላይ ሌላው ከቀደመው ቆጠራውን ባለበት ያቆማል፤ ያኛው ሲጨርስ ካቆመበት ይቀጥላል። ዜሮ ሲደርስ ይናገራል።

ተናግሮም አያበቃም። ተቀባዩ መልእክቱ በትክክል ከደረሰው አጭር መልስ ይልካል። የዚህ መልስ የአማርኛ ስም «ደረሰኝ» ቢሆን ደስ ይለኛል። ሱቅ ውስጥ የምንቀበለው ወረቀት ስሙን ከግስ ነው ያገኘው፤ «እጄ ገብቷል» ማለት ነው። ላኪው ደረሰኝ ካላገኘ ተጋጭቻለሁ ብሎ ያስባል፤ የዕጣውን ክልል ወደ 31፣ ከዚያ ወደ 63 እያለ እስከ 1023 ድረስ ያሰፋዋል፤ ይበልጥ ይታገሳል ማለት ነው፤ ከዚያ ይደግማል።

ይህን ሕግ በዩኒቨርሲቲ ለፈተና ሸምድጄዋለሁ። የገባኝ ግን ሶዶ ቤት ከተከራየሁ በኋላ ነው። ክፍሌ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ናት፤ በመስኮቴ ዳሞታ ተራራ ይታያል። ቀን ቀን ኔቱ ሸጋ ነው። ማታ ከአንድ ሰዓት በኋላ ግን የቪዲዮ ስብሰባ ላይ ፊቴ ይደርቃል፣ ድምፄ ይቆራረጣል። የከፈልኩበት መስመር ተበላሸ ብዬ ስንቴ እንደተራገምኩ። አንድ ማታ በስልኬ የአካባቢውን አየር ቃኘሁ። 14 የዋይፋይ ስም ቆጠርኩ። ዘጠኙ ቻናል 6 ላይ ተደርድረዋል። የእኔም እዚያው።

ለምን ሁሉም 6 ላይ? አንደኛው ምክንያት ብዙ ራውተር ከነማሸጊያው እንደመጣ መቀመጡ ነው። ሁለተኛው ግን መብራት ይመስለኛል። ብዙ ራውተር ቻናሉን የሚመርጠው ሲነሳ ነው፤ ግራ ቀኙን ያዳምጥና ጭር ያለውን ይይዛል። እኛ ሰፈር ደግሞ መብራት ሄዶ ሲመጣ ሁሉም በአንድ ደቂቃ ውስጥ አብረው ይነሳሉ። ሁሉም ያዳምጣሉ፣ ገና ማንም አልተናገረምና ሁሉም ዝምታ ይሰማሉ። ከዚያ ሁሉም ባዶ ነው ብለው የመሰላቸው ቦታ ላይ ተያይዘው ይቀመጣሉ።

2.4 ጊጋኸርዝ ላይ በተለመደው የ20 ሜጋኸርዝ ስፋት ሳይነካኩ ጎን ለጎን የሚሠሩት ሦስት ቻናሎች ናቸው፤ 1፣ 6 እና 11። ከታች ያለው ጌም የሚወድ ጎረቤቴ ይህን ሳያውቅ፣ 4 ባዶ መሆኗን አይቶ ራውተሩን ወደዚያ አዙሮ ነበር። ብልጥ የሆነ መስሎት። 4 ግን ከ1ም ከ6ም ጋር በከፊል ይደራረባል። ሙሉ በሙሉ አንድ ቻናል ላይ ያሉ ሁለት ራውተሮች ይሰማማሉ፣ ተራ ይጠባበቃሉ። በከፊል የተደራረቡት ግን አንዱ የሌላውን ንግግር ንግግር መሆኑን አያውቀውም፤ ጫጫታ ብቻ ነው የሚሆንበት። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ከአራት ጎረቤቶች ጋር ቁጭ ብለን 1፣ 6 እና 11ን ተከፋፈልን። ማንም ተጨማሪ ብር አልከፈለም። ማታ ስብሰባዬ ላይ ፊቴ መንቀሳቀስ ጀመረ።

ይህ ነገር አዲስ አይደለም። በፈረንጆች 1971 በሃዋይ ዩኒቨርሲቲ ኖርማን አብራምሰንና ባልደረቦቹ በተለያዩ ደሴቶች ያሉ ተጠቃሚዎችን ኦዋሁ ደሴት ላይ ካለው ኮምፒውተር ጋር በሬዲዮ አገናኙ። ስሙን አሎሃ አሉት። ሕጉ ቀላል ነበር፤ የምትለው ካለህ ተናገር፣ ከተጋጨህ ትንሽ ቆይተህ ድገም። ይሠራል፤ ግን ሲሰላ ከአየሩ አቅም ቢበዛ 18 በመቶው ብቻ ነው ፍሬ የሚያፈራው። በኋላ አንድ ማሻሻያ መጣ፤ ጊዜን እኩል እኩል ቆራርጦ፣ ማንም ሰው ንግግሩን የሚጀምረው በቁራጩ መጀመሪያ ላይ ብቻ ይሁን የሚል። አዲስ ማሽን የለም፣ ተጨማሪ ኃይል የለም። የመነሻ ሰዓት ላይ በመስማማት ብቻ 18ቱ ወደ 37 ገደማ ከፍ አለ። እጥፍ። ተማሪ ሆኜ ይህን ስሌት ስጨርስ ደብተሬን ዘግቼ ትንሽ ዝም ማለቴ ትዝ ይለኛል።

አሁን ወደ ሲሙሌተሬ። በ2024 መጀመሪያ በፈረንጆች፣ ዋይፋይ 7 የሚባለው ትውልድ የምስክር ወረቀት መስጠት ተጀመረ። ትልቁ አዲስ ነገሩ አንድ መሣሪያ በአንድ ጊዜ ከአንድ በላይ መስመር መያዙ ነው። ከዚህ በፊት ስልካችን ወይ 2.4 ላይ ነው ወይ 5 ላይ። አሁን 2.4ን፣ 5ን፣ በተፈቀደበት አገር ደግሞ 6 ጊጋኸርዝን አንድ ላይ መያዝ ይችላል። አንዱ መንገድ ሲጨናነቅ በሌላው ይልካል፤ ወይም በሁለቱም።

እኔም እንደማንኛውም ሰው ሁለት መስመር ማለት እጥፍ ፍጥነት ነው ብዬ ኮዱን ጻፍኩ። ለእያንዳንዱ መስመር የራሱን ዕጣ፣ የራሱን ቆጠራ ሰጠሁ። ሁለቱ ምንም ሳይነጋገሩ በየራሳቸው ይሮጡ። መሣሪያውን በጭነት ስሞክረው ውጤቱ አሳፈረኝ። በሁለት መስመር የሚሠራው ስልክ አንዳንዴ በአንድ መስመር ከሚሠራው ያነሰ ያደርሳል። ቀኑን ሙሉ ስህተቱን ኮዴ ውስጥ ፈለግኩ። ኮዱ ልክ ነበር፤ የተሳሳተው ግምቴ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ስልክ ሲናገር ከአንቴናው የሚወጣው ኃይልና ከሩቅ ራውተር ወደ እሱ የሚደርሰው ኃይል ልዩነታቸው እስከ አንድ ቢሊዮን እጥፍ ሊደርስ ይችላል። ሁለቱ መስመሮች በድግግሞሽ የተራራቁ ከሆኑ፣ ለምሳሌ 2.4 እና 5፣ ማጣሪያ ይለያቸዋል። የተቀራረቡ ከሆኑ ግን፣ እንደ 5 የላይኛው ጫፍና 6፣ በትንሽ ስልክ ውስጥ የአንዱ ጩኸት ወደ ሌላው ይፈስሳል። ስልኩ በአንድ አፉ ሲናገር ሌላው ጆሮው ይደነቁራል። በዚያ ጆሮ በኩል ራውተሩ ቢያናግረው አይሰማም። የላከው መልእክት ደረሰኝ ቢመጣለትም አይሰማም፤ አልደረሰም ብሎ ይደግማል። አየሩ በከንቱ ይሞላል።

የመስፈርቱ መፍትሔ ማመሳሰል ነው። አንደኛ፣ የአንዱ መስመር ቆጠራ ቀድሞ ዜሮ ከደረሰ ወዲያው አይጮህም፤ ዜሮ ላይ ቆሞ ወንድሙን መጠበቅ ይችላል፣ ከዚያ አብረው ይጀምራሉ። ሁለተኛ፣ አብረው ይጨርሳሉ፤ አጭሩ መልእክት ረጅሙን እስኪያክል ባዶ ነገር ይጨመርበታል። አብረው ሲጨርሱ አብረው ዝም ይላሉ፤ የሁለቱም ደረሰኝ በዝምታ ውስጥ ይመጣል፣ ይሰማል። በነጻ አይደለም። ስትጠብቅ ሌላው ሊቀድምህ ይችላል፤ ባዶው ጭማሪም አየር ይበላል። ግን መስማት የማትችልበት ሰዓት ላይ ከመናገር ይሻላል።

ይህን አስተካክዬ፣ ግራፉ ቀና ብሎ፣ ለደንበኛው ልልክ ስል አጎቴ ደወለ።

አያቴ ወድቃለች። ሌሊት ለመውጣት ከአልጋዋ ተነስታ፣ በሩ ጋ ሳትደርስ ዞረባትና ወደቀች። ቀኝ እጇ አንጓው ላይ ተሰብሯል። ደርሼ ሳገኛት እጇ በጀሶ ታስሮ፣ በግራ እጇ የቡና ቅጠል የተፈላበትን ስኒ ይዛ ተቀምጣ ነበር። ግፊቷ ሲለካ ከሚገባው በታች ወርዷል። አዲሱ ሐኪም መድኃኒቱን አይቶ «ይሄን ያህል ለምን ተሰጣቸው?» አለ። እኔም ወደ እሷ ዞርኩ። በዚህ ጊዜ ጠየቅኋት።

መለሰችልኝ። ድሮ መድኃኒቱን በየሁለት ቀኑ አንድ ነበር የምትውጠው። ቶሎ እንዳያልቅ። ካለቀ እኔ መግዛት አለብኝ፣ አጎቴ ሶዶ መመላለስ አለበት፤ እሷ ደግሞ ሰው ማስቸገር አትወድም። ሐኪሙ መጠኑን የጨመረው በየቀኑ እየወሰደች ግፊቷ አልወረደም ብሎ ነው። አዲሱን መድኃኒት ስትጀምር ግን ፈራችና በየቀኑ ሙሉውን ወሰደች። ሰውነቷ ያልለመደው ብዙ መጠን በአንድ ጊዜ ወረደባት።

«ለምን አልነገርሽኝም?» አልኳት። ድምፄ ውስጥ ቁጣ ነበረበት፤ አሁን ሳስበው ያፍረኛል።

ትንሽ አየችኝ። «ነገርኩህ። እሺ አልከኝ እኮ» አለች።

ጃኬቴን የጎተተችው ጊዜ ነበር። እነዚያ አምስት ስድስት ቃላት «እኔ የምውጠው በየሁለት ቀኑ ነው» የሚሉ ነበሩ።

ከዚያ በኋላ ብዙ ሌሊት ያሰብኩት መድኃኒቱን ወይም ሐኪሙን አይደለም፤ «እሺ»ን ነው። አለመስማቴ ራሱ ብዙም አይገርመኝም። በአንድ ቋንቋ እየተናገርኩ በሌላው መስማት አልችልም፤ ሁለቱ ቋንቋዎች አንድ ጭንቅላት ውስጥ በጣም ተቀራርበው ነው ያሉት። ይህ ተፈጥሮ ነው፣ ይቅር ይባላል። ይቅር የማይባለው ሳይደርሰኝ ደርሶኛል ማለቴ ነው።

በብር የምንገዛው ተራ ራውተር እንኳ ይህን አያደርግም። እያንዳንዱ መልእክት ጫፉ ላይ ከይዘቱ የተሰላ ቁጥር ይዞ ይመጣል። ተቀባዩ ራሱ ያሰላዋል፤ ካልገጠመ ደረሰኝ አይልክም፣ ዝም ይላል። ዝምታው ራሱ መልስ ነው፤ ላኪው አልደረሰም ብሎ ይደግማል። እኔ ዝም ብላት ኖሮ አያቴ እጅጌዬን ደግማ ትጎትተው ነበር። ሦስተኛ ጊዜም ትጎትተው ነበር፤ አውቃታለሁ። ያቆማት «እሺ» ነው። መልእክቷ እንደደረሰ ነገርኳት፣ እሷም አመነችኝ።

አማርኛችን ውስጥ «እሺ» ስንት ሥራ እንዳለው ቆጥራችሁ ታውቃላችሁ? እስማማለሁ ማለት ነው፤ ሰማሁ ማለት ነው፤ ቆይ ማለት ነው፤ ተወኝ ማለትም ነው። ስልክ ስንዘጋ ሦስት አራቴ እንደጋግመዋለን። ወላይትኛውም ከዚህ ብዙ አይርቅም። የሰጠኋት እሺ «ተወኝ» የሚለው ነበር፤ የደረሳት ግን «ሰማሁ» የሚለው ነው።

ወደ ሥራ ስመለስ፣ መስፈርቱ ውስጥ ቀድሞ አልፌው የነበረ አንድ ሕግ ላይ ቆምኩ። አንዱ መስመር ሲናገር ሌላው ደንቁሮ ቆይቶ፣ ንግግሩ ሲያልቅ ምን ያድርግ? ጆሮው ተከፍቷል፤ አየሩም ዝም ያለ ይመስላል። ግን ደንቆሮ በነበረበት ሰዓት ከሩቅ ያለ አንድ ሰው ንግግር ጀምሮ ከሆነ መጀመሪያውን አልሰማም። ሕጉ እንዲህ ይላል፤ ዘልለህ አትግባ። መነሻ ላይ በተቀመጠው ልክ ለ5,484 ማይክሮሰከንድ ራስህን ገና ያልነቃህ አድርገህ ቁጠር። ቁጥሩ ዝም ብሎ አልተመረጠም፤ አንድ መልእክት አየር ላይ ሊቆይ ከሚችለው ረጅሙ ጊዜ ጋር እኩል ነው። ደንቁረህ ሳለህ የተጀመረ ነገር ካለ እስከዚያ ያልቃል። በዚያ ጊዜ ውስጥ መናገር ከፈለግክ ጆሮህን ከወትሮው በላይ አቅና፤ ደካማውንም ድምፅ እንደ ንግግር ቁጠረው። ረጅሙን መልእክት ሳትልክ በፊት ደግሞ አጭር ጥያቄ ላክ፤ «ልናገር?» የምትል። «ተናገር» ካሉህ ብቻ ተናገር።

መስፈርት ሲነበብ ደረቅ ነው፤ ሠንጠረዥና አሕጽሮት። ይህን ክፍል ሳነብ ግን ሐኪሙ ክፍል ውስጥ የተቀመጥኩ መሰለኝ። ብዙ ተናግሬ ስጨርስ ማድረግ የነበረብኝን ነው የጻፉት። ዞር ብሎ «ስናገር ሳለሁ ምን አልሽ?» ማለት። ሌላ ምንም አይደለም።

ጀሶው ከመፈታቱ በፊት ለክትትል ተመለስን። ሌላ ሐኪም፣ ሌላ ክፍል፣ እኔ ያው መሀል ላይ። ከመጀመራችን በፊት «ዶክተር፣ አንድ አንድ ጥያቄ እናድርገው፤ ስንፈጥን ይጠፋብኛል» አልኩት። በሩን አየ፤ ውጭ ያለው ወረፋ ረጅም ነው። ገባኝ። እዚያ ወንበር ላይ የምንበላት እያንዳንዷ ደቂቃ የሌላ ሰው አያት ናት። ማመሳሰል ዋጋ አለው ያልኩት ይህንን ነው። ግን ራሱን ነቀነቀ።

ጠየቀ። ዝም ብዬ እስኪጨርስ ሰማሁት። ለእሷ ነገርኳት። መለሰች። እስክትጨርስ ሰማኋት። ከዚያ የሰማሁትን በወላይትኛ መልሼ ለራሷ ነገርኳት፤ «እንዲህ ነው ያልሽው?»። አንዴ «አዎ» አለች። አንዴ ግን «አይ፣ ጠዋት አላልኩም፤ ማታ ነው» ብላ አረመችኝ። ከዚያ በኋላ ነው ወደ አማርኛ የዞርኩት። ስለ ሕመሟ ከእኔ ዘንድ የተጨመረ አንድም ቃል አልነበረም። አሥራ አምስት ደቂቃ ያህል ፈጀብን፤ በፊት ሰባት ነበር። ስንወጣ ሐኪሙ የጻፈው መድኃኒት በእርግጥ ለምትኖረው ሴት የተጻፈ ነበር።

አንድ ነገር ልጨምር። ይህን ሳስብ በልጅነቴ የምሰማው አንድ ቃል መጣብኝ፤ «ወጋጎዳ»። ወላይታ፣ ጋሞ፣ ጎፋ፣ ዳውሮ የሚሉት ስሞች የመጀመሪያ ፊደሎች ናቸው። አራቱ ቋንቋዎች እህትማማች ስለሆኑ በ1990ዎቹ መጀመሪያ አንድ ላይ ተጨፍልቀው የትምህርት ቋንቋ እንዲሆኑ መጽሐፍ ታተመ። ሐሳቡ ወረቀት ላይ ቁጠባ ይመስላል፤ አራት መስመር ከመዘርጋት አንድ ሰፊ መስመር። በ1992 ዓ.ም. ሶዶ ላይ ተቃውሞ ተነሳ፣ የሰው ሕይወት ጠፋ። መጽሐፎቹ ተመለሱ፤ በቀጣዩ ዓመት ወላይታ የራሱ ዞን ሆነ። እኔ ያኔ የሁለት ዓመት ልጅ ነበርኩ። አባቴ ስለዚያ ጊዜ ሲያወራ እስከ ዛሬ ድምፁን ዝቅ ያደርጋል።

ያንን ከዋይፋይ ጋር ማወዳደር ነገሩን ማቅለል እንዳይሆን እፈራለሁ። ሰው የሞተበትን ነገር ምሳሌ ማድረግ አልወድም። ግን ከሥራዬ የተማርኩትን ሐቅ ልናገር። ዋይፋይ 7 ሁለቱን መስመሮች አይጨፈልቃቸውም። እያንዳንዱ የራሱ ቻናል፣ የራሱ ዕጣ፣ የራሱ ቆጠራ፣ የራሱ ደረሰኝ አለው። የሚጋሩት ሰዓት ብቻ ነው፤ መቼ አብረን እንጀምር፣ መቼ አብረን ዝም እንበል። አያቴ በወላይትኛ፣ ሐኪሙ በአማርኛ መናገራቸው ችግር አልነበረም። የጎደለው መሀል ላይ የተቀመጠው ሰው ዝም የሚልበትን ሰዓት ማወቁ ነው።

ከዚህ ሁሉ ዋናው መፍትሔ እኔ መሻሻሌ እንዳልሆነም አውቃለሁ። ያ ዩኒፎርም የለበሰው የአሥር ዓመት ልጅ እንዲህ ያለ ሸክም ሊሸከም አይገባውም። ታማሚው የሚናገረውን ቋንቋ የሚያውቅ ነርስ ወይም የሠለጠነ አስተርጓሚ በየክፍሉ ቢኖር ይህን ጽሑፍ አልጽፍም ነበር። እስከዚያ ግን ወንበሩ ላይ የምንቀመጠው እኛ ነን። በዕረፍት ቀናችን፣ ለጊፋታ አገር ቤት ስንገባ፣ አንዷ አክስታችን «ሐኪም ቤት አብረኸኝ ሂድ» ስትለን።

ሲሙሌተሩን አስረከብኩ። ደንበኛው ወዶታል። ውስጡ ሁለት መስመሮች ይጠባበቃሉ፣ አብረው ይናገራሉ፣ አብረው ዝም ይላሉ፤ ደንቁረው ሲነቁ መጀመሪያ «ልናገር?» ይላሉ።

የአያቴ እጅ ድኗል፤ ብርድ ሲሆን ብቻ ያማታል። እሑድ እሑድ እደውልላታለሁ። ኔትዎርኩ ቦዲቲ ሲደርስ ትንሽ ይዘገያል፤ ድሮ በዚያች ክፍተት እየገባሁ እናገር ነበር፣ ድምፃችን ይጋጫል፣ ሁለታችንም «ሃሎ? ሃሎ?» እንላለን። አሁን እጠብቃለሁ። ስትጨርስም ያለችውን መልሼ እነግራታለሁ፤ ላሟ ወልዳለች፣ በርበሬው ዘንድሮ አልሰመረም፣ መድኃኒቱን ትናንትም ዛሬም ወስጃለሁ ነው ያልሽው አይደል?

ባለፈው እሑድ ሰለቻት መሰለኝ። «አንተ ልጅ፣ ጆሮህን ታመህ ነው?» አለችኝ።

«አይ፣ ደርሶኛል ለማለት ነው» አልኳት።